የተወለወሉት ወርቆች

ቀጭ።

ፍሎራ ዴንክ የቲማቲም ችግኝ ልትተክል ተንበርክካ ሳለ ነው ድምፁን የሰማችው። ቀና አላለችም። ጥቂት ቆይቶ የሞርሳ እጀታ ሲጠመዘዝ ሲጢጥ አለ፤ ከዚያ ደግሞ፦ ቀጭ። ደረቅ አጥንት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው። የሚመጣው ከጎረቤቷ ከዊላርድ ስታንገር ምድር ቤት፣ ከሣሩ እኩል ከተከፈተችው ጠባብ መስኮት ነበር።

«ደግሞ ጀመረው እንግዲህ» አለችና ችግኟን አፈር አለበሰችው።

ድምፁ ለፍሎራ አዲስ አይደለም። ስታንገር የድሮ የወርቅ ሳንቲሞቹን ደረጃ ለሚመድቡ ባለሙያዎች ይልካል፤ እነሱም ከሰባ ይህን ያህል ብለው ቁጥር ይሰጡና በጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊት አሽገው ይመልሱለታል። ቁጥሩ ያነሰ ከመሰለው «እነዚህ ዕውሮች!» ይልና ቅርፊቱን በሞርሳ ጨምቆ ይሰብረዋል፤ ሳንቲሟን አውጥቶ፣ የተሻለ ቁጥር እስኪሰጡት ድረስ መልሶ ይልካታል። በከተማቸው በዌበር ክሪክ ሳንቲም የሚሰበስብ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ማንም አይደነቅም።

የመጨረሻውን ችግኝ ተክላ ስትነሳ ግን ዐይኗ የስታንገር መኪና ማቆሚያ ላይ ዐረፈ። ባዶ ነው። ቀኑ እሑድ ነው፤ ሰውዬው የሳንቲም ማኅበሩ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ በሚያሰናዳው የፓንኬክ ቁርስ ላይ ነው ያለው።

«ታዲያ ማነው የሚሰብረው?»

ድምፁም በዚያው ቆመ። ፍሎራ ሄዳ አላየችም፤ በሰው ጓዳ አፍንጫዬን አልከትም ባይ ናት። ስታንገር ከቁርሱ ተመልሶ ምድር ቤት ሲወርድ ግን ጩኸቱን ሰማች። ዕቃ የጠፋበት ሰው እንደዚያ አይጮኽም፤ ሰው የሞተበት እንጂ።

*

መርማሪ ማግዳ ሆርቫት ምድር ቤቱን በወረደች ጊዜ ስታንገር ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ወገቡ ያልጎበጠ፣ እሑድ እሑድ ሰደርያ የሚለብስ ሰው ነው። ግራ እጁን ከሰደርያው ኪስ አላወጣም። አጠገቡ የከተማው ሳንቲም ነጋዴ ሬይ ፉስኮ ቆሟል፤ ከማግዳ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ነው። የቀኝ እጁን አንጓ በመሐረብ ጠቅልሎታል።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ለሁለት ታጥፎ ተነጥፏል። ፎጣው ላይ አሥራ አንድ የወርቅ ሳንቲሞች ተደርድረው እንደ አዲስ የሙሽራ ቀለበት ያበራሉ። ዙሪያቸው ነጭ የሶዳ ዱቄት ተበትኗል። እርጥብ ጨርቅ ከአጠገባቸው አለ፤ ወለሉ ላይ ደግሞ የተሰባበረ ፕላስቲክ።

«ስንት ነበሩ?» አለች ማግዳ።

«አሥራ ሁለት። የሦስት ዶላር ሳንቲሟ ተሰርቃለች።»

«የቀሩት ግን አሉ። እንዲያውም ያምራሉ።»

ስታንገር በጥፊ የተመታ ያህል ዐይኑን ጨፈነ። «ያምራሉ! ሬይ፣ ሰማህልኝ? ያምራሉ አለች!»

«ማግዳ፣ እስኪ ነይ» አለ ፉስኮ። አንዷን ሳንቲም በሁለት ጣቱ ጠርዟን ይዞ፣ ከፎጣው ሳያርቅ፣ ወደ መብራቱ አዘነበላት። «ይቺ ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች። ከተመታችበት ቀን ጀምሮ የራሷ ቆዳ ነበራት። ስታዘነብያት ብርሃኑ ፊቷ ላይ እየዞረ ይሄድ ነበር። እኛ ወርቁን አይደለም የምንሰበስበው፤ ያንን ቆዳ ነው። አሁን እዪያት።»

ማጉያ መነጽሩን ሰጣት። በሳንቲሟ ላይ የተቀረጸችው ሴት ጉንጭ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ጭረቶች ተሞልቷል።

«በሶዳ ፈገፈጓት» አለ ፉስኮ። «የተላጠ ዕንቁላል ልጣጩን መልሰሽ አታለብሽውም። ሞታለች። አሥራ አንዱም ሞተዋል።»

«ሠላሳ ዓመት ነው የፈጀብኝ» አለ ስታንገር። «ይህ አገር በወርቅ ካተመው ሁሉ ከየዓይነቱ አንድ፤ ያውም ምርጥ ምርጡን። ለመጪው ቅዳሜ ዐውደ ርእይ ብዬ ዐርብ ዕለት ከባንክ አወጣኋቸው፤ ማኅበሩ በሙሉ ያውቃል። አሁንማ ቀልጠው የወርቅ ጥርስ ቢሆኑ ይሻላቸዋል።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ጥርጣሬ የለኝም፤ ዐውቃለሁ። ዴል ነው፣ የእህቴ ልጅ። በሩ አልተሰበረም፤ እሱ ቁልፍ አለው። የእስር ቤትም ደንበኛ ነው። ሄደሽ ያዢው።»

«አመክሮ ላይ ያለው ልጅ?»

«ይበስብስ።»

ማግዳ ጎንበስ ብላ ፎጣውን አየች። ዱቄቱ ሁሉም ቦታ ደርሷል። ግን ከሳንቲሞቹ ሰልፍ ርቆ፣ ጥግ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዱቄት ያልነካት ክብ አለች።

«እዚህ ላይ ምን ነበር?»

«እኔ ምን ዐውቄ!» አለ ስታንገር። ቶሎ ነው ያለው።

*

ዴልን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዳር ከነመንጠቆው አመጡት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጥፍሩን የሚበላ ልጅ ነው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ዓሣ ሳጠምድ። ብቻዬን። ምስክር ከፈለጉ ዓሦቹን ይጠይቁ።»

«ቀልዱን ተወው። ባለፈው ወር አጎትህን ‹እነዚህን ጣዖቶችህን አፈር አስግጣቸዋለሁ› ብለኸዋል። ፍሎራ በአጥር ሰምታሃለች።»

«ብያለሁ፤ አልክድም። ልጄን ላሳየው ይዣት ብሄድ ስትወጣ ኪሷን ፈተሸ። የስድስት ዓመት ልጅ! እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉት ነበር?»

ማግዳ አሻራ ተፈልጎባት ምንም ያልተገኘባትን አንዷን ሳንቲም ከፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለችለት። ዴል በመዳፉ ቀለባትና ፊቷን በአውራ ጣቱ እያሻሸ አያት።

«ጥሩ አድርገው አጽድተዋታል» አለ። «በፊት እኮ ደብዛዛ ነበሩ። ለዚህ ነው እንዴ ያ ሁሉ ጩኸት?»

ማግዳ ሳንቲሟን መልሳ ወደ ፖስታው ከተተቻት። አለቃዋ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ቁልፍ አለው፣ ዛቻ አለበት፣ ሪከርድ አለበት» አላት። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ረቡዕ ዳኛ ፊት ይቀርባል።»

«ዴል ወርቅ መወልወል ጥፋት መሆኑን እንኳ አያውቅም። እሱ ቢሆን በመዶሻ ነበር።»

«ይህ ማስረጃ ነው?»

«ፎጣውስ? ሊያጠፋቸው የመጣ ሰው፣ ወድቀው እንዳይጎዱበት ፎጣ አንጥፏል። ሳንቲም ሰብሳቢ ነው ያን የሚያደርገው። እጁ ሳያስበው ያደርገዋል።»

«በፎጣ ሰው አላስርም፤ በፎጣም ሰው አልፈታም። የጠፋችውን ሳንቲም አምጪልኝ።»

ዴል ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሲወሰድ በበሩ መስተዋት አያትና ቆመ። «አመክሮዬ ከተሰረዘ» አለ «ልጄን የማገኛት ኮረዳ ሆና ነው። ስሜን እንኳ ታስታውሰው እንደሁ እንጃ።»

*

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆሜር ግሩብ ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዱ ዋናው መንገድ ላይ ካለው ቁርስ ቤት ነበር። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ወሬ ከቁርስ ያስበልጣል።

«ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ነበርን፣ የኔ ልጅ። አርባ ሰው ለአርባ ሰው ምስክር ነው። አይቪ ፕሩዊት ፓንኬክ ትጠብሳለች፣ እኛ እንበላለን። በየዓመቱ እንዲሁ ነው።»

«ከጠረጴዛ የተነሳ ሰው አልነበረም?»

«ሬይ ፉስኮ!» አለ ሆሜር፤ ሹካውን ቀሰረ። «ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ሬይ የለም። አስታወስኩ፤ ሁለተኛው ዙር የጫማ ሶል ነበር። ያረረ! የመጀመሪያው ደመና፣ ሁለተኛው ከሰል። አይቪም አረጀች አልኩ። ሬይ ሲመለስ ላብ በላብ ነበር። ከዊላርድ ጋርም ዐይንና ናጫ ናቸው፤ ዊላርድ አንዲት የሃያ ዶላር ወርቅ ቀድሞት ነጥቆታል።»

«ሌላ ለስታንገር ክፉ የሚያስብ አለ?»

ሆሜር ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ክሌም ጨርቁ በሕይወት ቢኖር ኖሮ እሱ ነው እልሽ ነበር!»

«ማነው ክሌም ጨርቁ?»

«የአይቪ ባል ነዋ፤ ነፍሱን ይማረው። የአያቱን ወርቅ ይዞ መጣ አንድ ቀን። ዊላርድ በማጉያው አየና ‹ተወልውላለች፤ ጨርቅ ነክቷታል› አለ። ዊላርድ ካለ አለ ነው፤ እኛ ማን ነን? ክሌምም ልጅ ሆኖ ሱሪው ላይ ፈትጓት እንደነበር ትዝ አለው። በቃ፣ ስሙ ጨርቁ ሆኖ ቀረ። አንዴ እንዲያውም ወንበሩ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ አንጥፈን ጠበቅነው። ጨዋታ ነው እንግዲህ።»

«ሳቀ?»

«ማን?»

«ክሌም።»

ሆሜር ቡናውን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም። «ከዚያ በኋላ አልመጣም» አለ።

*

ፉስኮ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ አልነበረውም። ማግዳን ሲያይ ማሳያ ሣጥኑን ቆለፈ።

«ሽንት ቤት ነበርኩ» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«ሬይ፣ ማን ጠየቀህ?»

«ሆሜር አፍ እንደሌለው! ሆዴን አሞኝ ነበር፤ ቆየሁ። ወንጀል ነው?»

«አንጓህንስ ምን ነካው?»

ፉስኮ እጁን ወደ ኋላ ወሰደ። መሐረቡ ዛሬ በፋሻ ተተክቷል።

«ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ።»

«የእሳት አደጋ ጣቢያው ሽንት ቤት ውሃው ይህን ያህል ይፈላል? ልክ እንደ ዘይት!»

ማግዳ ማሳያ ሣጥኑን ተደግፋ ጠበቀችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዝምታ የማይችል ሰው ነው።

«እሺ። ፓንኬክ ስጠብስ ነበር» አለ። «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ደስ አለሽ?»

«አይቪስ?»

«ራሷን አዞራት። መኪናዬ ውስጥ ትንሽ ልጋደም፣ ለማንም አትናገር፣ አሮጊት ሆነች ይሉኛል አለችኝ። እኔም መጥበሻውን ተቀበልኳት። ዘይቱ አንጓዬ ላይ ተፈናጠረ፤ ይኸው ነው።»

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«ቃሌን ሰጥቻት ነበር።» ፉስኮ ዐይኑን ሰበረ። «እሷን ተያት ማግዳ። ያቺ ሴት በዚህ ከተማ የጠጣችው ይበቃታል።»

«አንድ ነገር ብቻ። ሌባ ብትሆን የሦስት ዶላሯን ወስደህ የሃያ ዶላሮቹን ትተዋለህ?»

«በሬው ቆሞ ጥጃ የሚጎትት ሌባ አላየሁም። የሦስቷ ቆንጆ ናት፤ ግን ሃያዎቹ ፊት ምንም አይደለችም። ዊላርድ ፍሎሪዳ ነው የገዛኋት ይላል። ከማን እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም።»

ማግዳ ከዚያ በቀጥታ ወደ ስታንገር ቤት ነዳች። ሰውዬው በረንዳው ላይ ነበር፤ ግራ እጁ እንደ ትናንቱ ሰደርያው ኪስ ውስጥ ነው። እግሩ ሥር ድመት ተኝታለች።

«የቤቱ ቁልፍ ከዴል ሌላ ማን ጋ አለ?»

«ማንም ጋ።»

«ክረምቱን ፍሎሪዳ ሲከርሙ ድመትዎን ማን ያበላል?»

«ድመት ራሷን ትችላለች።»

«ራሷን ትችላለች?» አለ ከአጥሩ ወዲያ የፍሎራ ድምፅ። ችግኞቿን ውሃ እያጠጣች ነበር። «አንተ ሰው፣ እግዜርን ፍራ! አይቪ ፕሩዊት አይደለችም እንዴ በረዶውን በጉልበቷ እየጣሰች የምታበላልህ? ቁልፉን ደጅህ ላይ ቆመህ ስትሰጣት በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ስታንገር ወደ ፍሎራ አላየም። «ሌባው ተይዟል» አላት ማግዳን። «ምን እያተራመስሽ ነው?»

ማግዳ መኪናዋን አስነሳች። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት የደከመበትን ያጠፋበትን እጅ ማወቅ አይፈልግም። ወይም ዐውቆታል።

*

አይቪ ፕሩዊት ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ የዐውደ ርእዩን ፖስተሮች ታጥፋለች። ማኅበሩ ይህን የመሰለ ሥራ ሁልጊዜ ለእሷ ነው የሚሰጠው። ረጅም ሴት ናት፤ እጇ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ። ማግዳን አስቀመጠቻት እንጂ ለምን መጣሽ አላለቻትም።

«እሑድ አሞዎት ነበር አሉ።»

«አሁን ደህና ነኝ።»

«ሬይ ነው የጠበሰው።»

«ሬይ ልቡ ደግ ነው። ፓንኬክ ላይ ግን እርግማን አለበት።» ማጠፏን አላቆመችም።

«ወይዘሮ ፕሩዊት፣ ዴልን ትናንት ይዘነዋል። ረቡዕ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ አመክሮውም ይሰረዛል።»

እጇ ቆመ። «ዴልን? እሱ ምን አድርጎ?»

«ቁልፍ አለው። ከሳንቲሞቹም አንዷ ተሰርቃለች።»

«የቷ?»

«የሦስት ዶላሯ።»

አይቪ መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የመጣው ፍርሃት አልነበረም። ንዴት ነው፤ ከአንገቷ ተነስቶ እስከ ግንባሯ የቀላ።

«አልተሰረቀችም!» አለች። «ውሸታም! ለብቻዋ፣ ፎጣው ጥግ ላይ፣ እንዲያያት አስቀምጬለት ነው የወጣሁት!»

ማግዳ ዱቄት ያልነካትን ክብ አስታወሰች። እስክሪብቶዋን ግን አላነሳችም።

አይቪ ከፖስተሮቹ አንዱን ዘርግታ ወደ እሷ ገፋችው። የስታንገር አሥራ ሁለት ወርቆች የስኒ ማስቀመጫ ያህል ጎልተው ታትመውበታል። ጣቷ የሦስት ዶላሯ ላይ ዐረፈ፤ ከተቀረጸባት የአበባ ጉንጉን ሪባን ሥር፣ መርፌ የወጋው የመሰለ ቀይ ነጥብ።

«ክሌም የአያቴ ደም ይላት ነበር ይቺን ነጥብ። አርባ ዓመት ከአልጋዬ ራስጌ የኖረች ሳንቲም ናት። ዊላርድ በሁሉም ፊት ተወልውላለች አለ። ሳቁ። ከዚያ ደግሞ ባሌን ወደ ጥግ ወስዶ ‹ዐይንህ እያያት ከምታሳፍርህ እኔ ልገላግልህ› አለው። ክሌም ሰጠው፤ አመሰገነውም። ባለፈው ሐሙስ ይህን ወረቀት እጠፊ ብለው ሲሰጡኝ አየኋት። ሥሯ የተጻፈውን አንብቢው።»

«ከሰባ ስልሳ አምስት።»

«የተወለወለች ሳንቲም ስልሳ አምስት ታገኛለች?»

«አታገኝም።»

«ዐየሽ? አንቺም ገባሽ።» አይቪ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ክሌም ሊሞት ሲል እንኳ እጁን እያገላበጠ ያይ ነበር። ‹በእነዚህ ነው ያጠፋኋት› ይለኛል። ገንዘቡ አይደለም ልጄ። እጁን ነው የነጠቀው። ሰው በገዛ እጁ አፍሮ ሞተ።»

«ለፖሊስ ለምን አላመለከቱም?»

«ምን ብዬ? ዊላርድ ማለ፣ ሆሜር መሰከረ፣ ከተማው ሳቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይህ ደግሞ በየጣቢያው አይመዘገብም።» መነጽሯን መልሳ አጠለቀች። «ተወልውላለች አለ፤ እኔም ወለወልኩለት። የወጥ ቤት ጓንቴን አጥልቄ፣ እሱ ሲሰብር እንደማየው በሞርሳ ሰብሬ፣ አንድ በአንድ። ክሌም ባስተማረኝ ደንብ፣ ፎጣ አንጥፌ። ሳልቸኩል። ደስ እያለኝ። ጸጸት የምትፈልጊ ከሆነ ሌላ በር አንኳኪ።»

«የሦስት ዶላሯንስ?»

«እሷንም ከቅርፊቷ አወጣኋት፤ ልወለውላት ስል ግን እጄ እንቢ አለኝ። ብወለውላት ውሸቱን እውነት ላደርግለት?» ፖስተሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፦ «ደብቋታል ማለት ነው። ሲያያት ማን እንደመጣ ዐውቋል። ዴልን ያስበላል ብዬ ግን... ያን አላሰብኩም። የሰው ልጅ ላስበላ አልነበረም የሄድኩት።»

ካፖርቷን ከመስቀያው አነሳች። «እንሂድ?»

«አሁን ብንሄድ» አለች ማግዳ «ሳንቲሟ የለችም። ከዴል ጋር አብራችሁ ሰርቃችኋል ይባላል፤ እሱም አይወጣም። መገኘት አለባት።»

«የት እንዳለች ሳላይ እነግርሻለሁ። ዊላርድ የወደዳትን ሳንቲም ከገላው አይለይም።» አይቪ ካፖርቷን መልሳ ሰቀለችው። «ነገ ማኅበሩ ይሰበሰባል። በእነሱ ፊት አስወጪው። ሌላ የምለምንሽ የለኝም።»

*

ማክሰኞ ፀሐይ ሳትጠልቅ አባላቱ በእሳት አደጋ ጣቢያው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ስታንገር ሆሜር አጠገብ ነው። ለቀስተኛ እንደሚያጽናና ሁሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያውቃል» ይላል ደጋግሞ። አይቪ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማንም ልብ አላላትም።

ማግዳ ገብታ አንድ ወረቀት ስታንገር ፊት አስቀመጠች።

«የብርበራ ፈቃድ ነው።»

«ቤቴ ክፍት ነው፤ ሂጂና በርብሪ።»

«ቤትዎን አይደለም። ሰደርያዎን ነው።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ስታንገር ሳይስቅ ሲቀር እነሱም ተዉት። ግራ እጁ ከኪሱ ቀስ ብሎ ወጣ። በስስ ወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ይዟል።

«ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛው ሥር አገኘኋት» አለ። «ልደውልልሽ ነበር።»

«የእህትዎ ልጅ ነገ ጠዋት ዳኛ ፊት ይቆማል። መቼ ሊደውሉ ነበር?»

ሆሜር በልማዱ ለስላሳውን ጨርቅ ዘረጋ፤ ሳንቲሟ መሐሉ ላይ ዐረፈች። የጣሪያው መብራት ፊቷ ላይ ዞረ።

«እኔ ስለ ሳንቲም አላውቅም» አለች ማግዳ። «እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ይቺ ተወልውላለች ወይስ አልተወለወለችም? አንድ በአንድ ንገሩኝ።»

«ይህ ከምርመራው ጋር ምን አገናኘው?» ስታንገር ከወንበሩ ተነሳ።

«ተቀመጥ ዊላርድ» አለ ፉስኮ። ሳንቲሟን በጠርዟ ብድግ አድርጎ በማጉያው አያት። «ቆዳዋ እንዳለ ነው። ስልሳ አምስት።»

ቀጥሎ ያለው ተቀበለው። «ስልሳ አምስት። አልተነካችም።»

«ስልሳ ስድስት ብሰጣትም አላፍርም» አለ ሦስተኛው። «ጨርቅ አላየችም።»

ሳንቲሟ እንዲህ ከነጨርቋ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ሆሜር ዘንድ ደረሰች። እሱ ቆየባት። ወደ መብራቱ አቀረባት፤ አራቃት፤ ደግሞ አቀረባት። ማጉያውን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይቺ ነጥብ» አለ። «ይቺን ነጥብ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አይቻታለሁ። ይቺ... የክሌም ናት።»

ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ አይቪ ተናገረች። «ተወልውላለች ወይ፣ ሆሜር?»

ሁሉም ዞሩ። ሆሜር ሊያያት አልቻለም፤ ወደ ሳንቲሟ ነው የተናገረው። «አልተወለወለችም፣ አይቪ። ክሌም ምንም አላደረጋትም። ምንም።»

«ሰው ይሳሳታል!» ስታንገር ጠረጴዛውን መታ። «ያኔ መብራቱ ደካማ ነበር! ሰው አይሳሳትም?»

«አንተ?» አለ ፉስኮ። «አንተ ተሳስተህ ታውቃለህ ዊላርድ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ?»

ስታንገር ዙሪያውን አየ። ትከሻውን መታ መታ ያደረጉት ሰዎች ወንበራቸውን ሸሸት አድርገዋል። ያን ጊዜ ጣቱን ወደ አይቪ ቀሰረ።

«እሷ ናት! አሥራ አንዱን የገደለቻቸው እሷ ናት፤ ምን ትጠብቂያለሽ መርማሪ? ያዢያት እንጂ!»

«እርስዎ ግን ዴል ነው ብለው ፈርመዋል።»

«ዴል አይደለም አልኩሽ! ዴል ምን ያውቃል? እሷ ናት፤ ሳንቲሟን ያየሁ ጊዜ ዐውቄያለሁ! ጻፊው!»

«ያን ዕለት ነው ያወቁት?»

«ያን ዕለት! ጻፊው!»

ማግዳ ጻፈችው። አርባ ሰው ሰምቷል። ስታንገር አፉ ምን እንዳወጣ የገባው እስክሪብቶዋ ሲቆም ነው፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ሆሜር ጨርቁን ከነሳንቲሟ በጠረጴዛው ላይ ገፋ፤ ቀጥሎ ያለውም ገፋ፤ እስከ አይቪ ፊት ድረስ። «መርማሪዋ ማስረጃ ነው ብትልም የአንቺ ናት» አላት። «ሁላችንም እንመሰክራለን። ውሰጂያት።»

አይቪ ወርቋን አየቻት። እጇን አልሰደደችም። ቦርሳዋን አነሳች፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መልሳ አስጠጋች፤ በመካከላቸው አልፋ ሄደች። ስታልፍ እያንዳንዱ ሰው እግሩን ሰበሰበ።

«አይቪ» አለ ሆሜር። «ወዴት ነው? አይቪ፣ አንድ ነገር በይን እንጂ!»

በሩ ተዘጋ። ማግዳ በመስኮቱ አየቻት፤ ከአሮጌ መኪናዋ አጠገብ ስትደርስ አልቆመችም። አለፈቻት። የፖሊሱን መኪና የኋላ በር ከፍታ ገባች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ በሩንም ራሷ ዘጋችው።